ሙቀትም ብርድም ወደማይበዛበት አገር ቤተሰብን ይዞ እንዴት መሄድ ይቻላል

አየሩ ተስማሚ ነው ተብሎ የተሄደበት አገር ብዙ ጊዜ የሚያስከፋው የታየው በደጉ ወር ብቻ ስለሆነ ነው። ለእረፍት የሚኬደው ሰማዩ ሲጠራ፣ ባሕሩም ሲሞቅ ነው። ኑሮ ግን አሥራ ሁለቱንም ወር ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አካሄድ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ የሚሄዱበትን ቦታ በክፉ ወሩ፣ በሆቴል ሳይሆን በኪራይ ቤት፣ ከነልጆችዎ ሳይኖሩበት አይቁረጡ። ለጠቅላላው ዝግጅት ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይመድቡ።

የሚሸሹትን ነገር ለይተው ይጻፉ

«ብርዱ ሰልችቶናል» ወይም «ሙቀቱ ገደለን» ማለት ቦታ ለመምረጥ አይበቃም። በቤቱ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ሕፃኑንም አያትየውንም፣ አንድ በአንድ ስም ጽፈው ከአጠገቡ ምን እንደሚያስቸግረው ያስፍሩ። ሌሊት የማያስተኛ ወበቅ ነው? ውርጭ ነው? ወይስ የቀኑ ማጠር? በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ በዲሴምበር የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህ የሚያስጨንቀው ሰው መድኃኒቱ ሙቀት ሳይሆን ወደ ምድር ወገብ መቅረብ ነው።

በሕመም ምክንያት የሚሄድ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ሐኪም ያነጋግር። አስም ያለበት ልጅ ሻጋታና የአቧራ ተባይ የሚያስነሳበት ከሆነ ደረቅ አየር ያለው ከፍታ ቦታ ያሻለዋል፤ የአበባ ብናኝ የሚያስነሳበት ከሆነ ግን የሜዲትራኒያን ዳርቻ በወይራ አበባ ወቅት፣ በጸደይ፣ ሌላ ፈተና ይሆንበታል። የልብና የሳንባ ሕመምተኛ፣ በተለይም ማጭድ መሰል የደም ሴል ሕመም ያለበት ሰው፣ ከ2500 ሜትር በላይ ያለን ከተማ ያለ ሐኪም ምክር አይምረጥ።

የአየር ንብረቱን ቁጥር ማንበብ

የዓመት አማካይ ሙቀት የሚባለውን ቁጥር ይተዉት፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው። ማድሪድም ሳን ፍራንሲስኮም የዓመት አማካያቸው ወደ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ማድሪድ ግን በጁላይ ከሰዓት በኋላ 32ን ታልፋለች፣ በጃንዋሪ ሌሊት ወደ 3 ትወርዳለች። ሳን ፍራንሲስኮ ከውቅያኖሱ በሚገባው ጉም የተነሳ በጁላይ ቀትር እንኳ 20 አካባቢ ነች፤ የሚሞቃት ወር ሴፕቴምበር ነው። ቁጥራቸው አንድ፣ ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው።

የሚፈልጉት የ30 ዓመት አማካይ በየወሩ ተዘርዝሮ የቀረበበትን ሰንጠረዥ ነው። የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት የሚጠቀምበት የአሁኑ ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። በየአገሩ የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይገኛል። ከዚያ ውስጥ መጀመሪያ የሚነበበው የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ነው። የቀኑን ሙቀት በጥላ ያልፉታል፤ ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በታች ካልወረደ ግን ቤቱ አይቀዘቅዝም፣ ልጅም አይተኛም። ቀጥሎ የዝናቡን ሚሊሜትር ሳይሆን የዝናብ ቀናቱን ብዛትና የፀሐይ ሰዓቱን ይዩ። የፔሩዋ ሊማ ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ግን በደመናና በካፊያ ተሸፍና፣ ልብስ እንኳ በቅጡ ሳይደርቅባት ትከርማለች።

ሦስተኛው የጤዛ ነጥብ ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ጤዛ ሆኖ መውረድ የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። በመቶኛ የሚጻፈው እርጥበት ጠዋትና ማታ ስለሚለዋወጥ አይጨበጥም፤ የጤዛ ነጥብ ግን ቁርጡን ይናገራል። እስከ 15 ድረስ ምቹ ነው። ከ18 ሲያልፍ ወበቁ ይሰማል፣ ከ21 በላይ ላብ አይደርቅም። ሁለት ከተሞች በእኩል 28 ዲግሪ ላይ ቢሆኑና የአንዱ የጤዛ ነጥብ 12፣ የሌላው 23 ቢሆን፣ በመጀመሪያው ጥላ ሥር ተቀምጠው ያነብባሉ፣ በሁለተኛው ሸሚዝ ይቀይራሉ።

ለስላሳ አየር የሚመጣው በአብዛኛው ከሁለት ነገር ነው፤ ከከፍታ ወይም ከባሕር። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ከቆላ ተነስቶ ደጋ የወጣ ሁሉ በአካሉ ያውቀዋል። 1500 ሜትር ላይ ያለችው የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ወይና ደጋ ነች፤ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ዓመቱን ሙሉ ቀኗ 27 አካባቢ፣ ሌሊቷ 17 አካባቢ ነው። 1900 ሜትር ያህል ላይ ያለችው የቻይናዋ ኩንሚንግ «የጸደይ ከተማ» ብትባልም ከምድር ወገብ ስለምትርቅ የጃንዋሪ ሌሊቷ ይበርዳል። የኢኳዶሯ ኪቶ 2850 ሜትር ላይ ስላለች ምሽቷ ካፖርት ያስለብሳል፤ ለሳምባም ከባድ ነች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በከፍታ ቦታ አየሩ ቢቀዘቅዝም ቆዳ ይቃጠላል።

ባሕር ያለሰለሳቸው ደግሞ በአትላንቲክ ደሴቶች ላይ እንዳሉት እንደ ስፔኗ ላስ ፓልማስና እንደ ፖርቱጋሏ ፉንሻል ያሉት ናቸው። ላስ ፓልማስ በጃንዋሪ ቀን 21፣ በኦገስት 27 አካባቢ ነች። የእነዚህ ደሴቶች ክፉ ገጽ ከሰሃራ የሚነሳው አቧራ ነው። በስፓኒሽ ካሊማ ይሉታል፤ በመጣ ቀን ሰማዩ ይደፈርሳል፣ አስም ያለበት ሰውም ከቤት አይወጣም።

ፈቃዱን ከቦታው ጋር አብሮ መምረጥ

ሦስት ቦታ ከመረጡ በኋላ የሚጠይቁት «መኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠኝ የትኛው ነው?» የሚለውን ነው። የቱሪስት ቪዛ መንገድ አይደለም፤ ሼንገን በሚባለው ስምምነት በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ባነሱት የአውሮፓ አገሮች በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድም።

ቤተሰብ ሲጨመር የሚጠየቀው ገቢ እንዴት እንደሚያድግ በሁለት ምሳሌ ይታያል። ስፔን ሳይሠሩ በራሳቸው ገቢ ለሚኖሩ የምትሰጠው ቪዛ የሚሰላው ኢፕሬም በሚባል መለኪያ ነው። መለኪያው ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ በወር 600 ዩሮ ነው። ዋናው አመልካች አራት እጥፉን፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ የቤተሰብ አባል ደግሞ አንድ እጥፉን ያሳያል፤ ለሁለት ወላጅና ለሁለት ልጅ በወር 4200 ዩሮ ይሆናል። ፖርቱጋል እንዲሁ በራስ ገቢ ለሚኖር ሰው ለምትሰጠው፣ ዲ7 ለሚባለው ቪዛ የምትነሳው ከዝቅተኛ ደመወዝ ነው፤ አመልካቹ ሙሉውን፣ የትዳር ጓደኛ ግማሹን፣ ልጅ 30 በመቶውን። እ.ኤ.አ. በ2025 ደመወዙ በወር 870 ዩሮ ስለነበር ለዚያው ቤተሰብ በወር 1827 ዩሮ ይመጣል። ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚከለስ በሚያመለክቱበት ወር ከቆንስላው ያረጋግጡ። የስፔኑ ቪዛ ሥራ መሥራትን እንደማይፈቅድ ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው አመልካቹ ከርቀት ደመወዝ እያገኘ በዚህ ቪዛ ሲጠይቅ ነው።

ግብሩንም አሁኑኑ ይመርምሩ። በስፔንም በፖርቱጋልም በዓመት ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው የአገሩ ግብር ከፋይ ይሆናል፣ ከውጭ ያገኘውንም ያስታውቃል።

በክፉ ወሩ ሄዶ መክረም

ከሁሉም የማይታለፈው ይኼ ነው። ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆዩ፤ ወሩንም ከሰንጠረዡ ይምረጡ። ሊዝበንን በጃንዋሪ፣ ማድሪድን በጁላይ መጨረሻ፣ ሜዴሊንን በኦክቶበር ዝናብ።

ሙቀትና እርጥበት አብሮ የሚለካ ትንሽ መለኪያ ሁለት ይዘው ይሂዱ። አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን ፀሐይ በማታገኘው መኝታ ቤት ያኑሩ፤ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ወደ ሰሜን የዞረው ክፍል ነው። ማሞቂያውን አጥፍተው አድረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያንብቡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ ይመክራል። በፖርቱጋልና በደቡብ ስፔን ብዙ ቤቶች የተሠሩት ሙቀትን ለማስወጣት ነው። ወለሉ ሸክላ፣ መስኮቱ አንድ ሉህ መስተዋት፣ ማዕከላዊ ማሞቂያ የሌለው። ደጁ 14 ዲግሪ ሲሆን መኝታ ቤቱም 14 ይሆናል። በረዶ ካለበት አገር የመጣ ቤተሰብ «እዚህ ነው ብርድ ያየነው» የሚለው ለዚህ ነው፤ በመጣበት አገር ደጁ ቢበርድም ቤቱ ይሞቅ ነበር።

እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሻጋታ አይቀርም። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ያርቁና እጅዎን ከኋላ ያስገቡ። ግድግዳው ቢቀዘቅዝ ምንም አይደለም፤ እጅዎ ላይ ርጥበት ከቀረ ግን የክረምት ልብስዎ እዚያ ይሻግታል። ከጣሪያው ጥግ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። በገንዳው ዙሪያ ያለው ሲሊኮን ከጠቆረ፣ የእቃ ማጠቢያው ሥር ከሸተተ፣ ቤቱ አየር አይተነፍስም ማለት ነው።

የጃንዋሪንና የኦገስትን የመብራት ቢል ባለቤቱ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ የውሉን ኃይልም፣ ማለትም ቤቱ በአንድ ጊዜ ሊስብ የሚችለውን የመብራት መጠን፣ ይዩ። በፖርቱጋል 3.45 ኪሎ ቮልት አምፔር (ወደ 3450 ዋት ያህል) የሆነ ውል የተለመደ ነው። 1500 ዋት የሚወስዱ ሁለት ማሞቂያዎች በርተው ውኃ ማፍያ ሲጨመር መብራቱ ይጠፋል። ሙቀት ከሆነ የሚፈሩት፣ ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮትና ከጣሪያ ሥር ያለ ፎቅ ይሽሹ፤ መከለያውም ከመስኮቱ ውጭ ይሁን። መጋረጃ ሙቀቱን የሚያቆመው ከገባ በኋላ ነው።

ወረቀቱን በቅደም ተከተል ማውጣት

ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። መጀመሪያ ዋናው ሰነድ፣ ከዚያ ማረጋገጫው፣ በመጨረሻ ትርጉሙ፤ ማኅተሙም መተርጎም አለበትና። የሚነሱበትም የሚሄዱበትም አገር የእ.ኤ.አ. 1961ዱን የሄግ የአፖስቲል ስምምነት የተቀበሉ ከሆነ አንድ አፖስቲል፣ ማለትም ሰነዱ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም፣ ይበቃል። ቻይና በኖቬምበር 2023፣ ካናዳ በጃንዋሪ 2024 ስለገቡበት የቆየ መረጃ አይመኑ። አንዱ ካልገባበት ሰነዱ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ኤምባሲ ይዞራል፤ ያ ሳምንታት ይበላል። ትርጉሙ ብዙ ጊዜ የመዳረሻው አገር ፈቃድ በሰጠው ተርጓሚ መሆን አለበት።

የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት ቀድሞ ቢወጣ ብዙም አይጎዳም። ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ግን ብዙ ቆንስላዎች የሚቀበሉት ከወጣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ከቀጠሮው ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ያውጡት። የስም አጻጻፍንም ፊደል በፊደል ያስተያዩ። በፓስፖርቱና በልደት ሰርተፊኬቱ መካከል አንድ ፊደል ብትለይ ማመልከቻው ይመለሳል። አባት፣ እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም በማይጋሩበት ሥርዓት ለመጣ ቤተሰብ የልጁ ልደት ሰርተፊኬት ብቸኛው የዝምድና ማስረጃ ነው፤ በጉዞ ጊዜ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይገባም። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር የሚሄድ ከሆነ የሌላኛው የተረጋገጠ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊመለሱ ይችላሉ።

የልጆቹ ቀን የጉዞውን ቀን ይወስናል

ስፔንና ፖርቱጋል ትምህርት የሚጀምሩት በሴፕቴምበር፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሻገሩ ልጁ ወይ ግማሽ ዓመት ይደግማል ወይ ይዘላል፤ የክፍል መመደቢያው የልደት ቀን ገደብ ስለሚለያይ ትምህርት ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ። የሁለት ዓመት ትራንስክሪፕትና የክትባት ካርድ ተተርጉሞ ይያዝ። ለእኛ ምርጫው ትምህርት ከመከፈቱ ስድስት ሳምንት በፊት መድረስ ነው፤ ልጁ ሰፈሩን ሳያውቅ ክፍል መግባት የለበትም።

ዕቃ፣ እንስሳ፣ ኪራይ

ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 33 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይይዛል፤ አብዛኛው ቤተሰብ ግን ከአምስት ኪዩቢክ ሜትር በላይ የሚረባ ዕቃ የለውም። ከደረቅ አገር ወደ እርጥብ የሚሄድ የእንጨት ዕቃ ያብጣል፣ መሳቢያውም አይከፈትም። ወደ አውሮፓ ኅብረት ያገለገለ የቤት ዕቃ ያለ ቀረጥ ለማስገባት ከኅብረቱ ውጭ 12 ወር የኖሩ፣ ዕቃውንም ቢያንስ ስድስት ወር የተጠቀሙበት መሆን አለበት፤ መኖሪያ ከያዙ በ12 ወር ውስጥም ማስገባት ግድ ነው። ኮሎምቢያ 110 ቮልት፣ ስፔን 230 ቮልት ስለሆነ ማሞቂያና ካውያ አይሸከሙ። ቻርጀር ላይ «100–240» ከተጻፈ ይሠራል።

ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚሄድ ውሻ ወይም ድመት መጀመሪያ ማይክሮቺፑ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባቱ ነው። የመጀመሪያ ክትባት ከሆነ 21 ቀን ይጠበቃል። ክትባቱ ከቺፑ ከቀደመ አይቆጠርም። ከአንዳንድ አገሮች ለሚመጣ ደግሞ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ ይወሰድና ተጨማሪ ሦስት ወር ይጠበቃል።

በደረሱ በመጀመሪያው ዓመት ቤት አይግዙ፤ የቀድሞውንም አይሽጡ። የ12 ወር ኪራይ ይዋዋሉና ሁለቱን መለኪያዎች ከመኝታ ቤቱ ሳያነሱ ክፉው ወር ሙሉ በሙሉ ይለፍ። በዚያ ወር ልጁ ስንት ሌሊት ሳይሳል እንዳደረ፣ አያትየው ስንት ቀን ከቤት እንደወጡ መጀመሪያ በጻፉት ዝርዝር አጠገብ ያስፍሩ፤ የግዢውን ውል የሚፈርሙት ያንን ወረቀት አይተው ነው።