ዝንቧ ሽቅብ መውጣት ሲያቅታት፦ በፓርኪንሰን የዘረመል ጥናት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የፍራፍሬ ዝንቦች ያሉበትን ቱቦ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ስናደርገው ሁሉም ወደ ሥር ይወርዳሉ። ጤነኞቹ ወዲያው ግድግዳውን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ፓርኪንሰንን ለማጥናት ዘረመላቸው ተለውጦ የታመሙት ጥቂት ተራምደው ይወድቃሉ። ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን የሚያግዙትን፣ ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩትን የአንጎል ሕዋሶች የሚገድል በሽታ ነው፤ ሆኖም የዝንቦቹን መውደቅ ብቻ አይቶ «የዶፓሚን ሕዋሶቻቸው ሞተዋል» ብሎ መደምደም ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ፓርኪን የተባለው ዘረመል የጎደላቸው ዝንቦች በ2003 ሲጠኑ ጎልቶ የታየው ጉዳት በበረራ ጡንቻቸው ላይ ነበር፤ በውስጡ ያሉት ማይቶኮንድሪያዎች (የሕዋስ ኃይል አመንጪዎች) አብጠውና ፈራርሰው ተገኙ። ጡንቻዋ የተጎዳ ዝንብ አንጎሏ ደህና ቢሆንም አትወጣም። ስለዚህ አንጎሉን አውጥቶ የዶፓሚን ሕዋሶችን ማቅለምና ቡድን በቡድን መቁጠር፣ ጡንቻውንም ለይቶ መመርመር ግድ ነው።

ጡንቻውን ግን መናቅ አይገባም። በ2006 ፒንክ1 የተባለው ዘረመል የጎደላቸው ዝንቦች ተመሳሳይ ጉዳት ታየባቸው። ፓርኪን ሲጨመርላቸው ጉዳቱ ቀነሰ፤ በተገላቢጦሹ ግን ፒንክ1 ፓርኪን የሌላቸውን አላዳነም። ፒንክ1 ከፓርኪን ቀድሞ እንደሚሠራ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ሌላው ስህተት በማነጻጸሪያ ዝንቦች ላይ ይፈጸማል። በፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አልፋ-ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ዝንብ የራሷ የላትም፤ የሰውን ዘረመል የምናስገባላት እኛ ነን፣ ብዙውን ጊዜ ጋል4 በተባለ የዘረመል ማብሪያ አማካይነት። በዚያው ማብሪያ የሚበራ ሁለተኛ ዘረመል ስንጨምር ጋል4 ለሁለት ይከፈልና የአልፋ-ሲኑክሊኑ መጠን ሊቀንስ ይችላል። ያን ጊዜ የተሻላት ዝንብ «መድኃኒት ተገኘ» ታሰኛለች። በማነጻጸሪያዎቹ ላይም ምንም ጉዳት የሌለው ሁለተኛ ዘረመል፣ ለምሳሌ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን፣ መጨመር አለበት።

ሙቀቱን አለመጠበቅም ያሳስታል፤ ጋል4 በ29 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ18 ዲግሪው ይልቅ ይበረታል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደነዘዙትን ዝንብ ወዲያው መፈተንም እንዲሁ፤ አንድ ቀን ትረፍ።

ዕድሜ ደግሞ አለ። አልፋ-ሲኑክሊን የተጨመረባቸው ዝንቦች በወጣትነታቸው ጤነኛ መስለው ይታያሉ፤ የዶፓሚን ሕዋሶቻቸው የሚጎድሉት እያረጁ ሲሄዱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለክቶ «ጉዳት የለም» ብሎ ቱቦውን የሚጥል ሰው በሽታው ከመጀመሩ በፊት ጥናቱን አቁሟል።