ያስቀመጡት ቪዲዮ አልከፈት ሲል፦ ለፎቶና ቪዲዮ ቤቶች ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ፎቶ ቤቶች ይዘውት የሚመጡት አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፦ «ፋይሉ አለ፣ መጠኑም ልክ ነው፣ ግን አይከፈትም።» ስምና መጠን የሚነበበው ከዲስኩ ማውጫ ነው፤ ውስጡ ያለው መረጃ ደህና መሆኑን አያሳይም። ያንን የሚያሳየው ፋይሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ ቀድሞ ከተመዘገበ ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ፣ እንደ አሻራ የሚያገለግል አጭር ኮድ) ጋር ማመሳከር ብቻ ነው። ገመድ መቀየሩን፣ በሌላ ማጫወቻና በሌላ ኮምፒውተር መሞከሩን ጨርሳችኋል ብለን እንቀጥል።

ቀድሞ የተቀዳው ይከፈታል፣ በኋላ የተቀዳው አይከፈትም

ከሁሉም የሚበዛው ይኼ ነው። የሰርጉ ቀን ቪዲዮ ይሠራል፣ የመልሱ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ የቅልቅሉ ጭራሽ እምቢ ይላል። ፎቶው ላይ የሙሽሪት ፊት ይታያል፤ ከትከሻዋ በታች ያለው በሙሉ ግራጫ ነው።

መንስኤው የውሸት ፍላሽ ነው። ላዩ ላይ 2 ቴራ ተጽፎበታል፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ ያነበዋል፤ የሚይዘው ግን 32 ወይም 64 ጊጋ ነው። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ መጠኑን እንዲዋሽ ሆኖ ተሠርቷል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚመጣውን መረጃ ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ተመልሶ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደርበዋል። ምንም የስህተት መልእክት የለም፤ ኮፒው መቶ በመቶ ብሎ ያልቃል። የስም ዝርዝሩ የሚቀመጠው ከመጀመሪያው አካባቢ ስለሆነ እሱ አይነካም። «ኤስኤስዲ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ቀፎም ሲፈታ አንዳንዴ በሙጫ የተለጠፈ ማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ይወጣል። አውቆ ይህን የሚሸጥ ሰው የሌላውን ሰርግ እያጠፋ ነው።

«ቀድቼ ወዲያው ከፍቼ አይቼዋለሁ» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። ያኔ የሚከፈተው ራም ላይ የቀረው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ፍላሹን በሥርዓት አውጥታችሁ፣ እንደገና ሰክታችሁ ነው ማንበብ ያለባችሁ።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ባዶ ፍላሽ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባለውን የፍላሽ መፈተሻ ፕሮግራም አስነሱ። ፕሮግራሙ ፍላሹን በ1 ጊጋ ፋይሎች ይሞላና መልሶ ያነባቸዋል። በሰከንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ ፍላሽ 64 ጊጋ ለመሙላት ወደ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል፤ 1 ቴራ ከሆነ ከአንድ ቀን በላይ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ መጠኑን 150 ጊጋ ላይ ገድቡት፤ ብዙዎቹ ውሸቶች እዚያው ይጋለጣሉ። እዚያ ያለፈ ሁሉ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ደንበኛ ሥራ የሚቀመጥበት ከሆነ ሙሉውን ፈትሹ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ ይሁን።

ሥራ የተቀመጠበት ፍላሽ ውሸት መሆኑ ከታወቀ ምንም አትጻፉበት። ሊነበብ የሚችለውን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ፤ ያልተጻፈውን ምንም ዓይነት የማዳኛ ፕሮግራም አያመጣውም። ፎርማት ማድረግም ቦታ አይጨምርም። ለሌላ ሰው አትሽጡት!

ያው ፋይል በተነበበ ቁጥር ሃሹ ይለያያል

ፋይሉን አትወንጅሉ። ጥፋቱ ከራም፣ ከዩኤስቢ ማከፋፈያ ወይም ከገመድ ነው። ዲስኩን በቀጥታ ከኋላ ባለው ወደብ ሰኩት፤ ካልተስተካከለ ራሙን በሜምቴስት86 (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) ሌሊቱን አስፈትሹ። የዲስክን ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ ፕሮግራም ላይ «ሲ7» (C7፣ በገመዱ ሲተላለፍ የተበላሸውን መረጃ የሚቆጥረው) እያደገ ከሄደ የሳታ ገመዱን ቀይሩ።

ዲስኩ ይዘገያል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል

በዚያው በክሪስታልዲስክኢንፎ «ሲ5» (C5) ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ። ቼክዲስክ (የዊንዶውስ ዲስክ መጠገኛ) አታስነሱበት፤ የደከመውን ዲስክ ይበልጥ ያደክመዋል። መጀመሪያ ከተበላሸ ዲስክ መረጃ በሚቀዳው ዲዲሬስኪው (ddrescue) ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፣ ጥገናው ቅጂው ላይ ይሁን። ድምፁ ከበረታ ግን ወዲያው አጥፉት።

ፋይሉ 0 ባይት ሆኗል፦ ኮፒ ላይ እያለ መብራት ሄዷል ወይም ፍላሹ ተነቅሏል። ፍላሾች ብዙ ጊዜ ፎርማት የሚደረጉበት ኤክስፋት (exFAT) ጆርናል፣ ማለትም የተቋረጠ ጽሑፍን ለማስተካከል የሚረዳ መዝገብ፣ የለውም።

ዚፕ ወይም ራር «መጨረሻው ጎድሏል» ይላል፦ ኮፒው ተቆርጧል፤ ከምንጩ እንደገና ቅዱ። ራር ሲሠራ የማዳኛ መዝገብ ተጨምሮበት ከነበረ ትንሽ ብልሽት ይጠገናል፤ ከተበላሸ በኋላ መጨመር ግን ዋጋ የለውም።

ሃሹ መቼ ይመዝገብ?

የካሜራው ካርድ ፎርማት ከመደረጉ በፊት፣ ከካርዱ ላይ። ከተበላሸ ቅጂ የተወሰደ ሃሽ ብልሽቱን ትክክል ነው ብሎ ይመሰክራል። በአዲሱ ሰቨን ዚፕ ፎልደሩን በቀኝ ተጫኑ፣ በሃሽ ዝርዝሩ ውስጥ ኤስኤችኤ-256 (SHA-256፣ የሃሽ ዓይነት) ፋይል የሚያወጣውን ምረጡ፤ የወጣውን ትንሽ ፋይል ከቪዲዮው ጋርም፣ ሌላ ዲስክ ላይም አስቀምጡ። ቅጂው ካለቀ በኋላ ዲስኩን ነቅላችሁ ሰክታችሁ በዚያው ፕሮግራም አመሳክሩ፤ ካርዱ የሚጸዳው ሁለት ቅጂዎች ካለፉ ብቻ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡትን ዲስኮች ቢያንስ በስድስት ወር አንዴ አውጥታችሁ ማመሳከሩን ድገሙት፤ ያለፈበትን ቀን በእስክሪብቶ ቀፎው ላይ ጻፉ።