ግግር በረዶና ዓሣ ነባሪ ለማየት ከሲዋርድ ጀልባ ሲሳፈሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአላስካዋ ሲዋርድ ከአንኮሬጅ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራና በባሕር መካከል የተሸጎጠች ትንሽ ወደብ ናት። ብዙው ጎብኚ የሚመጣው የኬናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክን ግግር በረዶና የባሕር እንስሳት በአንድ ቀን ጀልባ አይቶ ለመመለስ ነው። እኔም በአንድ ሐምሌ ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ከሚከተሉት ስህተቶች ጥቂት የማይባሉትን የሠራነው ራሳችን ነን።

አጭሩን ጉዞ መምረጥ

ዋጋው ስለሚቀንስ ያጓጓል። ነገር ግን አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ጉዞ ሲዋርድ ካለችበት ወሽመጥ እምብዛም አይወጣም። ኦተር የተባለውን ጸጉራም የባሕር እንስሳና የባሕር አንበሳ ሊያሳይዎ ይችላል፤ ባሕር ውስጥ እየተናደ የሚገባውን ግግር በረዶ ግን በቅርብ አያዩም። ሃርዲንግ ከተባለው ሰፊ የበረዶ ሜዳ ወደ 40 የሚጠጉ ግግሮች ይወርዳሉ። ከእነዚህ መካከል አያሊክን ወይም ሆልጌትን ደርሶ ለመመለስ ስድስት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። ወደ ኖርዝዌስተርን ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ወደ ገባው ጠባብ የባሕር ክንድ) የሚወስደው ደግሞ ከስምንት ሰዓት ያልፋል፤ እሱ ከሕፃን ወይም ከአዛውንት ጋር ለሚጓዝ ሰው የሚመከር አይመስለኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ስድስቱ ሰዓት ይበቃል።

የወደቡን አየር ማመን

የወሽመጡ ስም ሪዘሬክሽን ሲሆን በእኛ ቋንቋ ‘ትንሣኤ’ ማለት ነው። በጎርጎርዮሳዊው 1790ዎቹ አሌክሳንደር ባራኖቭ የተባለ የሩሲያ ነጋዴ ከማዕበል ሸሽቶ የተጠለለባት ዕለት የትንሣኤ እሑድ ስለነበረች ስሙ ከዚያ መጣ ይባላል። ታሪኩን እናቴ በጣም ወደደችው፤ እኔ ግን ትምህርቱ አመለጠኝ። ወሽመጡ መጠለያ ከሆነ ማዕበሉ ያለው ውጪ ነው!

ወደቡ ላይ ፀሐይ ስለነበር እናቴ የገዛሁላትን ውኃ የማያስገባ ካፖርት ሆቴል ትታ ጋቢዋን ደርባ ወጣች። ከወሽመጡ አፍ እንዳለፍን የአላስካ ባሕረ ሰላጤ ሞገድ ጀልባዋን ያነሣ ይጥላት ጀመር፤ ፍንጣሪውም ሰገነቱ ድረስ ወጣ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሙቀት መያዙንም ይተዋል። የመንዝ በርኖስ ቢሆን ኖሮ ሱፍ ነውና ርሶም ቢሆን ያሞቅ ነበር። ግግሩ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ከበረዶው የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ፣ ኮፍያና ጓንት፤ በሐምሌም ቢሆን።

ክኒኑን ዘግይቶ መዋጥ

የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን የሚሠራው ሞገዱ ከመጀመሩ በፊት ሲዋጥ ነው፤ አንድ ሰዓት ቀድመው ይውሰዱት። እኔ “ካመመኝ እውጣለሁ” ብዬ ኪሴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ባመመኝ ጊዜ የዋጥኩት ክኒን ሆዴ ውስጥ አምስት ደቂቃም አልቆየም። መቀመጫ ሲመርጡ ከታች ወለል መካከሉ አካባቢ ይሻላል፤ የጀልባዋ አፍንጫ ለፎቶ ቢያምርም ይበልጥ የሚናወጠው እሱ ነው። ባዶ ሆድም ያባብሳል። ስለዚህ የፍልሰታ ጿሚ ከሆኑ ጉዞውን ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ አጋማሹ ባሉት የጾሙ ቀናት አያድርጉት። እናቴን የጠቀማት ከቦርሳዋ የማይጠፋው ቆሎ ነው፤ ስትቆረጥም ዋለች፣ አንዴም አላቅለሸለሻትም።

ድምፅ ሰምቶ መዞር

ካፒቴኑ ሞተሩን አጥፍቶ ግግሩ ፊት ሲቆም ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። እኔም አንገቴን ደፍቼ የካሜራውን መስታወት ስጠርግ አንድ ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል የነበረው ውኃውና ጭጋጉ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከ500 ሜትር ርቀት ድምፁ እርስዎ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ሲሰሙት በረዶው ወድቆ አልቋል። እናቴ ግን ምንም ነገር በእጇ ስላልያዘች አየችው። “ሰማዩ ጠርቶ ይህ ነጎድጓድ ከየት መጣ?” አለችኝ፤ እኔም የማሳያት ፎቶ አልነበረኝም። ትንንሽ ስብርባሪ የሚረግፍበትን ቦታ ይምረጡና ዓይንዎን ከዚያ አይንቀሉ።

ካፒቴኑን “ጠጋ በልልን” ማለት

አይጠጋም፤ ሕግ ነው። በአላስካ ባሕር ጀልባ ሆን ብሎ ወደ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ከ91 ሜትር ይበልጥ መቅረብ አይፈቀድለትም። ግልገሎቻቸውን ይዘው ተንሳፋፊ በረዶ ላይ የሚተኙት ‘ሲል’ የተባሉ እንስሳትም ከተረበሹ ውኃ ውስጥ ይገባሉ፤ ያን ጊዜ ግልገል ከእናቱ ሊለያይ ይችላል። በመለማመጥ ፈንታ አቅራቢ መነጽር ይያዙ። በቺስዌል ደሴቶች ቋጥኝ ላይ የሚኮለኮሉት ፓፊን የተባሉ ወፎች ከእርግብ እምብዛም ስለማይበልጡ፣ ቀዩን መንቁራቸውን በባዶ ዓይን መለየት ያስቸግራል።

ለመጨረሻው ቀን ትኬት መቁረጥ

ባሕሩ ሲከፋ ጀልባ ጉዞ ይሰርዛል፣ ወይም ከመንገድ ይመለሳል። ከአንኮሬጅ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ዋዜማውን ሲዋርድ ይደሩ፤ ከጉዞው በኋላም አንድ ትርፍ ቀን ይተዉ። ከአገር ቤት እንግዳ ካለዎት የመነሻውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይንገሩት። እኔ “በስምንት ሰዓት ነው” ብዬ ስለነበር እናቴ ማለዳውን ተረጋግታ ጸጉሯን ስትሠራ ነው የደረስኩባት።