የቤት ፍሳሽ ሲዘጋ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ባለ አራት ፎቅ ነው። በአንድ የፋሲካ ማግስት ግራውንድ ላይ የሚኖሩ እናት ከደረጃው ሥር ቆመው «ኧረ በማርያም፣ ውኃ አትልቀቁ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። ብንወርድ የመታጠቢያ ቤታቸው የወለል መውረጃ ቅባት የተንሳፈፈበትን ውኃ ከነዶሮ ላባው ወደ ላይ ይተፋል፤ እርሳቸው ግን በዚያ ጠዋት አንድ ሲኒ እንኳ አላጠቡም። ተጠርቶ የመጣው ባለሙያ የእርሳቸውን መውረጃ ሲጎረጉር ግማሽ ቀን አለፈ፤ የተዘጋው ከሕንፃው ውጭ፣ በሁለት ማንሆሎች መካከል ነበር።

ውኃው የቆመበትንና ቱቦው የተዘጋበትን ቦታ አንድ አድርጎ ማየት ከስህተቶቹ ሁሉ የባሰው መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ብዙ ቤቶች ከላይ እስከ ታች በሚወርድ አንድ ቱቦ ሲጠቀሙና ቱቦው ከታች ሲዘጋ፣ ከየፎቁ የሚለቀቀው ሁሉ የሚወጣው ዝቅ ብሎ ባገኘው የመጀመሪያ ክፍት ቦታ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት ይገባል። ውኃ የሚይዘው የወጥ ቤቱ ሲንክ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከሲንኩ ሥር ወይም ከእርሱ በሚወጣው ቱቦ ውስጥ ነው፤ የሽንት ቤቱ ውኃ ሲለቀቅ የወለሉ መውረጃ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ ግን የተዘጋው ዋናው መስመር ነው። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ውኃ መልቀቁን እንዲያቆም ነግሮ ማንሆሎቹን ከሕንፃው ወደ መንገዱ በተራ መክፈት ያስፈልጋል። አንዱ ሞልቶ ቀጥሎ ያለው ባዶ ከሆነ፣ የሚጠረገው በሁለቱ መካከል ያለው ቱቦ ነው።

ቅባትን በሙቅ ውኃ «አሟሙቶ» መልቀቅ ሌላው ስህተት ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚፈጸመው በበዓል ሰሞን ነው። ወጡ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ የሚረጋው የበግ ሞራ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥም እንደዚያው ይረጋል፤ ሙቅ ውኃው ከሲንኩ አርቆ፣ እጅ ወደማይደርስበት ቦታ ያደርሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የፈላ ውኃ ደግሞ የራሱ ጉዳት አለው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆንም፣ የፒቪሲ ቱቦ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። በቅባቱ ላይ የሊጥ ዕቃ እጣቢና የጀበና አተላ ሲጨመሩበት ድብልቁ እንደ ጭቃ ምርጊት ይጠነክራል። ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በሶፍት መጥረግ፣ የተጠበሰበትን ዘይት አቀዝቅዞ በባዶ ሃይላንድ ማጠራቀም፣ የሊጡን ባልዲ እጣቢ አዝቅጦ ከሥር የቀረውን ወደ ቆሻሻ መጣያው መጨመር ያን ያህል አድካሚ አይደለም።

ሲንክ ሲዘጋ ብዙ ሰው በእጁ የገባውን ፌሮ ይሰድዳል። ፌሮው የቱቦውን ክርን ይሰብርና ፍሳሹ በታችኛው ቤት ኮርኒስ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የቱቦ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ይሆናል። ከሲንኩ ሥር ያለው ጎበጥ ያለ ሲፎን ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚፈታ ነው። ባልዲ ከሥር አስቀምጬ የራሴን ስፈታ፣ ከላዩ ነጭ ከውስጡ ግራጫ የሆነ፣ እንደ ሳሙና የሚቆረጥ ቅባት ወጣ፤ በመሃሉ የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭና አንዲት የሻይ ማንኪያ ነበሩበት። (ሲፎኑን እዚያው ሲንክ ውስጥ ለማጠብ ቧንቧ መክፈቴንም አልደብቅም፤ ውኃው በቀጥታ እግሬ ላይ ወረደ።) መልሶ ሲገጠም የላስቲክ ቀለበቱ በቦታው መቀመጡን ማየት ያሻል። «የሚዘጋው እርሱ ነው» ብሎ ሲፎኑን ጭራሽ አውጥቶ ቱቦውን ቀጥ ማድረግ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሽታውንና በረሮውን የሚያግደው በሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ነው። ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ሲቆይ የሚሸተውም የወለሉ መውረጃ ውኃ ስለሚደርቅ ነው፤ አንድ ጆግ ውኃ ሲደፋበት ይተዋል።

አሲድና በረኪናን ማደባለቅ ፈጽሞ አይገባም። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ ጠባብና መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ኬሚካል «አልሠራም» ተብሎ ሌላ ሲደረብበት የመጀመሪያው ገና ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይዘነጋል። ኬሚካል የፈሰሰበት ቱቦ ባለሙያ ሲጠራለትም ሰውየው ከመንካቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ሞዴስ፣ ዳይፐርና እርጥብ ሶፍት ሽንት ቤት ውስጥ አይጣሉም፤ ተራ ሶፍት ውኃ ውስጥ ሲፈርስ እነዚህ አይፈርሱም።

በክረምት ግቢው ውኃ ሲይዝ የማንሆል ክዳን ከፍቶ ጎርፉን ወደዚያ መምራት ለአንድ ከሰዓት ያሳርፋል። ይሁን እንጂ ጭቃውና አሸዋው ከቱቦው ሥር ይተኛል፤ መስመሩም ለዝናብ መጠን ያልተሠራ በመሆኑ ሞልቶ ወደ ግራውንድ ቤቶች ይመለሳል። የጣራ አሸንዳን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘትም እንዲሁ ነው።

ወደ ሴፕቲክ ታንክ የወደቀ ዕቃ ለማውጣትም ሆነ ለመጥረግ ወደ ውስጥ መግባት ነፍስን ያስከፍላል። በውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ ሰውን በቅጽበት ያዝለፈልፋል፤ ሊያወጣው የሚከተለውም እላዩ ላይ ይወድቃል። ታንኩ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል እንጂ ሰው አይገባበትም።

ወጪውን ግራውንድ ላይ ለሚኖረው ሰው መተው በኛም ሕንፃ አከራክሯል። በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን መጠገንና መጠበቅ የባለቤቶቹ ማኅበር ሥራ ነው፤ ዋናው የፍሳሽ መስመርም የማንም የግል አይደለም። እናታችን በበዓል ማግስት ወለላቸውን ማጠባቸው ሳያንስ ከፋይም ሊሆኑ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሒሳብ ለመክፈል አይቸኮልም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር አስቀድሞ ከሮቶው ጥቂት ባልዲ መያዝ፣ ከላይኛው ፎቅ ባልዲዎቹን አከታትሎ ማፍሰስ፣ ከታች ደግሞ አንድ ሰው በተከፈተው ማንሆል አጠገብ ቆሞ ውኃው ሳይጠራቀም ማለፉን እንዲያይ ማድረግ ይገባል። ባለሙያው የሚሸኘው ሦስተኛው ባልዲ ሲያልፍ ነው።