ውድቅ የሆነው የሬዚን ናሙና እንዴት ጸደቀ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀድቶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ) በፈቃድ የሚመረተውን የካርቱን ገጸ ባሕርይ ቅርጽ ናሙና ባለመብቱ ኩባንያ የመለሰው ቀለሙ ስለጠቆረና የባለቤትነት ጽሑፉ ስለጎደለ ነው።

ቀለሙ የተበጠበጠው በኩባንያው መመሪያ በተጠቀሰው የፓንቶን (የቀለም መለያ ሥርዓት) ቁጥር ነው፤ ያጠቆረው ከላይ የተቀባው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ነው። በማት (በማያንጸባርቅ) ቫርኒሽ ተተካ፣ 24 ሰዓት ደረቀ፣ ከዚያ በኋላ በቀን ብርሃን ከፓንቶን ካርዱ ጋር ተስተያየ። በቢጫ አምፖል ሥር ማስተያየት ፈጽሞ አይታመንም፤ ቀዩንና ብርቱካኑን ያቀራርባል።

የቅጂ መብት ምልክቱ፣ ዓመቱና የባለመብቱ ስም ሻጋታ ከመወሰዱ በፊት በዋናው ቅርጽ መቀመጫ ሥር ተቀረጹ። በተለጣፊ ያልተጻፉት ተለጣፊ ስለሚላጥ ነው። ጽሑፉ ከውሉ ቃል በቃል ይገልበጥ።

ናሙናው አሁን ጸድቋል። የጽሑፍ ማጽደቂያው እጅ ሳይገባ ግን የጅምላ ምርት አይጀመር፤ ኩባንያው የመጨረሻውን ምርት ናሙናም ይጠይቃል።