ለቡችላ ቤት ስትፈልጉ

መጀመሪያ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የሆድ ትላትል መድኃኒት ይሰጠው፣ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። የክትባት ካርድ ያለውን ቡችላ ሰው በሌላ ዓይን ያየዋል።

ፈላጊ ሲመጣ የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቀን የት ይውላል?» የሚል ነው። «አጥር ጥግ ታስሮ» ካለኝ ቡናውን አጠጥቼ እሸኘዋለሁ። ቤቱን ሳላይም አልሰጥም፤ በበሩ ሥር የሚያሾልክ ክፍተት መኖሩን ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ተከራይ ከሆነ አከራይዋን ራሳቸውን አነጋግራለሁ፤ እሳቸው ካልፈቀዱ ውሻው ተመልሶ መንገድ ላይ ነው።

ሴት ቡችላ ፈላጊዋ ጥቂት ነው፤ «ትወልድብናለች» ይላሉ። ስለዚህ የማምከኛውን ወጪ እንደምጋራ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ስልካቸውን ተቀበሉ። በዓል ሲደርስ ደውላችሁ የዶሮ ወጥ ትራፊ እንዳይሰጡት አስጠንቅቁ፤ አጥንቱ ያንቀዋል፣ ሽንኩርቱ ይመርዘዋል።