ዜግነት የወሰዱ ወገኖችን የማመስገኛ ዝግጅት በአሜሪካ እንዴት ይሰናዳል

በአሜሪካ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና የእምነት ተቋማት ዜግነት የወሰዱ ወገኖችን ለማመስገን ሲነሡ፣ ጉልበታቸው ብዙውን ጊዜ በአዳራሽ ኪራይ፣ በምግብና በሙዚቃ ያልቃል። ስለ ተመስጋኙ የሚነበበው ጽሑፍ የሚጻፈው በዋዜማው ሌሊት ነው። በማግስቱ «ለማኅበረሰባችን ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚል፣ ለማንም ቢነበብ የሚሆን አንድ መስመር ይነበባል፤ ይጨበጨባል፤ በዚያው ያልቃል። ሃያ ዓመት በሌሊት ፈረቃ ታማሚ ስታገላብጥ ለኖረች የነርስ ረዳት ይህ አይበቃትም። ሥራው መጀመር ያለበት ከጽሑፉ ነው፤ አዳራሹ ይደርሳል። ለሁሉም አራት ወር ያህል ያዙ።

ማን ይመረጥ

ኮሚቴው በመጀመሪያ «ዜግነት የወሰደ» ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ ይስማማ። የዜግነት ማመልከቻውን፣ ማለትም የኤን-400 ቅጽን ሞልቶ፣ ተፈትኖ፣ ምሎ ዜጋ የሆነው ሰው አያከራክርም። ግሪን ካርድ ይዞ ከወላጁ ጋር ሲኖር 18 ዓመት ሳይሞላው ወላጁ ዜጋ በመሆኑ አብሮ ዜጋ የሆነ ልጅስ? ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጡ ብዙ ልጆችም ዜግነት ያገኙት በ2000 በወጣው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት ያለ ፈተና ነው። «መሐላ የፈጸማችሁ ተነሡ» ሲባል እነዚህ ግራ ተጋብተው ይቀመጣሉ። እነሱንም ማካተት ይሻላል፤ ጥሪው «ተወልዳችሁ ሳይሆን መጥታችሁ ዜጋ የሆናችሁ» ቢባል ማንም አይቀርም።

አረጋውያንን በተመለከተ አንድ ነገር ይታወቅ። ዕድሜው 50 ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ነው፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹን በአስተርጓሚ በአማርኛ ይመልሳል። በዚህ መንገድ ያለፉ እናቶች «እኔ እኮ በአማርኛ ነው የተፈተንኩት» እያሉ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ጥቆማም አይቀበሉም። የማሉት መሐላ ከሌላው ጋር አንድ መሆኑን ንገሯቸው።

ለአንድ ዝግጅት ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ንባቡ ይረዝማል፤ ሰውም ወሬ ይጀምራል። ዝርዝሩ በሐኪም፣ በነጋዴና ለማኅበሩ ገንዘብ በሚሰጥ ሰው ብቻ ከተሞላ ግን ጥፋት ነው። የታክሲና የአውቶቡስ ሹፌር፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ፣ የሕፃናት ማዋያ ተንከባካቢ፣ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ወጣት፣ በትምህርት ቤት ወላጆችን የሚያስተረጉም ሰው ይግቡበት። በጎ አድራጊዎችን ማመስገን ካስፈለገ ሌላ ቀን አለ። የጥቆማ ቅጹ ለስድስት ሳምንት ክፍት ይሁን፤ በወረቀትም በስልክም ተቀበሉ። ጠቋሚው የሚጠየቀው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ምን ሠራ? የት? ለስንት ጊዜ? በዚያ ምክንያት የማን ሕይወት ምን ለውጥ አየ? አራተኛውን መመለስ ካቃተው ደውሉለት፤ መልሱ ብዙ ጊዜ አለው፣ በጽሑፍ ማውጣት ስላልለመደ ነው።

ከተመረጡት ከእያንዳንዳቸው የጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ፤ ፎቶ፣ የሕይወት ታሪክና የድምፅ ቅጂ ለየብቻ ይፈቀድ። ሰዎች ወደ አሜሪካ የመጡበትን መንገድ፣ በተለይ የጥገኝነት ጉዳይን፣ ራሳቸው ካልጠየቁ በስተቀር አታንሡ። አገር ቤት የቀሩ ዘመዶች አሉ።

ስለ ተመስጋኙ የሚነበበው

ለአንድ ሰው ከ90 እስከ 110 ቃል ጻፉ፤ ተረጋግቶ ሲነበብ አንድ ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ቅጽል ቀንሱ፤ ቁጥርና ቦታ ጨምሩ። «ታታሪና ቅን» ከማለት «በኩላሊት እጥበት ክፍል ለ22 ዓመት ከሌሊቱ 11 ሰዓት የመጀመሪያውን ታማሚ ስትቀበል የኖረች» ማለት ይሻላል። እያንዳንዱን ቁጥር ከሁለት ሰው አረጋግጡ፤ አንዱ የሥራ ባልደረባ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ በፍቅር ዓመቱን ያበዛል።

ዝርዝር ነገር ምን ያህል እንደሚሠራ ከታወቀ ሰው ላይ ማየት ይቻላል። መብ ክፍለእዝጊ «ታላቅ ሯጭ» ቢባል ማንም አይቃወምም፤ ማንም ግን አያስታውሰውም። በአስመራ ተወልዶ በ1987 ከቤተሰቡ ጋር ሳንዲዬጎ እንደገባ፣ በ1998 ዜግነት እንደወሰደ፣ በ2004 በአቴንስ በማራቶን ብር እንዳገኘ፣ በ2014 የቦስተን ማራቶንን ሲያሸንፍ ከ1983 ወዲህ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ እንደሆነ ሲነበብ አድማጩ ቀና ይላል። በዚያ ቀን ደረቱ ላይ በለጠፈው የውድድር ቁጥር ጥጎች ላይ፣ ከዓመት በፊት በዚያው ማራቶን በደረሰው የቦምብ ጥቃትና ተከትሎ በመጡት ቀናት የሞቱትን የአራት ሰዎች ስም ጽፎ መሮጡ ሲጨመር ደግሞ፣ ዜግነት ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ተመስጋኝ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ፈልጉ። ይኖራል።

ስም ላይ ብዙ ዝግጅት ይበላሻል። እኛ የምንጠራው በራስ ስም ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው መድረክ መሪ ግን የመጨረሻውን ስም ይዞ አባቱን ወይም አያቱን ይጠራል። ለመድረክ መሪው በትልቁ የተጻፈ ካርድ አዘጋጁለት፤ «አቶ አበበ» ብሎ እንዲጠራ፣ «አቶ ከበደ» እንዳይል። የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ራሱ ሰውየው እንደሚጽፈው ውሰዱ። አንዳንድ ሰው ዜግነት ሲወስድ ስሙን በፍርድ ቤት ስለሚቀይር፣ ሰሌዳው ላይ የትኛው እንዲቀረጽ እንደሚፈልግ መጠየቅ የግድ ነው።

አጠራር ላይ ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደን ሰው በጽሑፍ «የኢትዮጵያ ዜጋ» ማለት ስሕተት ነው። «ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ» በሉ። በንግግር ደግሞ «ነገ ፕሬዚዳንት ይሆናሉ» የሚል ምርቃት ከተመስጋኞቹ ወደ ልጆቻቸው ይዙር። በዜግነት የገባ ሰው ፕሬዚዳንትም ምክትል ፕሬዚዳንትም መሆን አይችልም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ለመቀመጥ 7 ዓመት፣ በሴኔት 9 ዓመት ዜጋ ሆኖ መቆየት አለበት።

ቀንና ሰዓት

ከሁሉም የሚስማማው ሴፕቴምበር 17 ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1787 የተፈረመው በዚያ ቀን ሲሆን፣ ኮንግረስ በ1952 የዜግነት ቀን አድርጎታል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 7 አካባቢ ስለሚውል፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ ማለት ነው። ፈተናው እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ማኅበር ወጪ ለመቆጠብ ምስጋናውን የአዲስ ዓመት በዓል ውስጥ ይከተዋል፤ በጭፈራው መካከል ሽልማት ይሰጣል፤ ማንም አይሰማም። ለየብቻ አድርጉት። የጁላይ 4 ሳምንት መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በዚያው ሰሞን ስለሆነ ግማሹ ሰው ሌላ ከተማ ነው።

የአማርኛው ጥሪ ወረቀት ላይ «ከቀኑ 10 ሰዓት» ብሎ መጻፍ አደጋ ነው። እናቶች የሚመጡት ለ4 ፒኤም ነው፤ ልጆቻቸው 10 ኤኤም ብለው ያነባሉ። «በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4፡00» ብላችሁ ጨርሱት።

ከባለሥልጣን ምን ይጠየቃል

የከተማው ከንቲባ ወይም የካውንቲው ምክር ቤት ዕለቱን የሚዘክር ፕሮክላሜሽን (ይፋዊ የክብር መግለጫ) ያወጣል፤ ክፍያ የለውም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ይግባ፤ ረቂቁን እናንተው ጻፉ። ጽሕፈት ቤቱ ካልተሰጠው የሚያወጣው ለሁሉም የሚሆን ጽሑፍ ነው። ረቂቁ ውስጥ በከተማው ያሉ የሥራ መስኮችን በስም ጥቀሱ።

የኮንግረስ ተወካያችሁ ጽሕፈት ቤት ሁለት ነገር ያደርግላችኋል። አንደኛ፣ በካፒቶል ላይ የተሰቀለ ባንዲራ በሰው ስም ማዘዝ ይቻላል፤ ዋጋው በመጠንና በጨርቁ ዓይነት ይለያያል፤ ለማን ክብር እንደተሰቀለ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት አብሮ ይመጣል። የምትፈልጉት የተወሰነ ቀን ከሆነ ሁለት ሦስት ወር ቀድማችሁ እዘዙ። ሁለተኛ፣ ተወካዩ ስለ ተመስጋኙ አጭር ጽሑፍ በኮንግረስ መዝገብ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ይህ ብዙ ማኅበር የማያውቀው ነው፤ ነጻ ነው፤ የልጅ ልጅ ድረስ ፈልጎ የሚያገኘው ነው።

ማኅበራችሁ በ501ሲ3፣ ማለትም ከግብር ነፃ በሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገበ ከሆነ ለምርጫ እጩ ድጋፍ መስጠት ክልክል ነው። ሴፕቴምበር የምርጫ ዘመቻ ወቅት ስለሆነ፣ ባለሥልጣኑ በያዘው ሥልጣን መጋበዙን በደብዳቤው ላይ ግለጹ፤ ስለ ዘመቻው እንዳያነሣም በጽሑፍ አስታውቁ።

ባንዲራ

የአሜሪካ ባንዲራ መድረክ ላይ በተናጋሪው ቀኝ፣ ማለትም ከተመልካች በኩል ሲታይ በግራ ይቆማል። የሌላ አገር ባንዲራ አብሮ ከተተከለ በእኩል ከፍታ፣ በእኩል መጠን፣ በየራሱ ምሰሶ ይሁን። የኢትዮጵያን ባንዲራ በተመለከተ ደግሞ ዓርማ ያለው ይሁን የሌለው የሚለው ክርክር በዕለቱ አዳራሽ ውስጥ ከተነሣ ዝግጅቱን ይውጠዋል። ኮሚቴው ከወር በፊት ወስኖ በቃለ ጉባኤ ያስፍረው፤ ካልተስማማ የአሜሪካንን ብቻ መትከል ይቻላል፤ የዕለቱ ጉዳይ ያ ነውና።

ሽልማቱና ዕለቱ

መስታወትም ሆነ እንጨት፣ ሰሌዳው ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይታዘዝ። የአማርኛ ጽሑፍ ካለው በተራ ፋይል አትላኩ፤ የቀራጩ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፉ ወደ ባዶ ሳጥን ይለወጣል ወይም ፊደሉ ይቀየራል። ፊደሎቹን ወደ ሥዕል ቅርጽ (አውትላይን) አስለውጣችሁ በፒዲኤፍ ላኩ፤ ከመቀረጹ በፊት የሚላከውን ናሙና አማርኛ የሚያነብ ሰው ፊደል በፊደል ይየው። «ሠ»ንና «ሰ»ን ማቀያየር ያስቆጫል፤ የተቀረጸ አይታረምም።

መርሐ ግብሩ ከ90 ደቂቃ አይለፍ። መዝሙር፣ የባንዲራ ቃል ኪዳን፣ የእንግዳው አጭር ንግግር፣ ከዚያ ተመስጋኞቹ። የዜግነት መሐላውን ለትዕይንት አትድገሙት፤ በሥርዓቱ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ነው። የእያንዳንዱን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የተመስጋኙ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ፣ በአማርኛ ሌላ ሰው ያንብበው። ልጅ የእናቱን ሥራ በራሱ አፍ ሲያነብ አዳራሹ ዝም ይላል፤ ብዙዎቹ ልጆች ወላጆቻቸው ሌሊት ምን ሲሠሩ እንደሚያድሩ በዝርዝር የሚሰሙት ያኔ ነው።

የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ ከተዘጋጀ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ይቀመጥበትና «ዜጋ ነዎት?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሳይገባው ቢመዘገብ ወደፊት የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽ፣ ከአገር እስከመባረርም ሊደርስ ይችላል። ለማክበር በተጠራ ቀን ሰውን ለዚህ ማጋለጥ ይቅር የማይባል ነው።

ሰዎች በደስታ የዜግነት ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዋናውን አታሰቅሉ፣ ፎቶውንም ገጻችሁ ላይ አትለጥፉ፤ የምስክር ወረቀቱና የኢሚግሬሽን ፋይሉ ቁጥር፣ የልደት ቀንና ፊርማ አለበት፤ ቢጠፋም በኤን-565 ቅጽ ከፍሎ፣ ወራት ጠብቆ ማስተካት ነው። ለኤግዚቢሽን ሌላ ዕቃ ይሻላል፦ የመጀመሪያው የሥራ ባጅ፣ የተጣጠፈ የፈተና ጥያቄ ወረቀት በእርሳስ የአማርኛ ትርጉም የተጻፈበት፣ የሥራ ጫማ። ለእያንዳንዱ ከ60 ቃል ያልበለጠ መግለጫ በሁለቱም ቋንቋ፣ በ24 ነጥብ ፊደል፤ ከዚያ ካነሰ አረጋውያን ቆመው ማንበብ አይችሉም።

የተዋሳችሁትን ዕቃ ስትቀበሉ ደረሰኝ ስጡ፤ በሳምንት ውስጥ በእጅ መልሱ፤ በፖስታ አይላክ። የድምፅ ቅጂና የተነበበው ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል ይሰጥ። ክፍሉን ከዝግጅቱ በፊት አነጋግሩት፤ የሚቀበለው የፋይል ዓይነትና የፈቃድ ቅጽ የራሱ ነው፣ ያንን ቅጽ ደግሞ ተመስጋኙ በሕይወት ሳለ በራሱ እጅ መፈረም አለበት።